የቪዲዮ መኪናዋ ቸርኬ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

"ይቺ መኪና ከፊት አትሄድም" አለኝ፤ በገዛ ግቢዬ ቆሞ፣ ያቀረብኩለትን ለስላሳ እየጠጣ።

ናቲ ይባላል፤ የዳዊት አንደኛ ሚዜ ነው። ዳዊት ደግሞ እሁድ እህቴን ሰላምን የሚያገባት ልጅ። ዳዊትስ ጨዋ ነው፣ ሲያወራኝ እንኳ አንገቱን ይደፋል። ይሄኛው ግን የመኪና ሹመት ተሰጥቶት ሹመቱን የምሩን ይዞታል። እኔ ሰፈር ወሰን ድረስ የመጣው ፒክአፔን "ቼክ ሊያደርጋት" ነው። ዞራት። ጎንበስ አለ። ስልኩን አወጣና ቸርኬዎቿን፣ ጎማው የሚቀመጥባቸውን ክብ ብረቶች፣ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳቸው። ዝገት አለባቸው፣ አልክድም። የፊት ግራው ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እሱንም አልክድም።

"እትዬ አስካለ፣ አይቀየሙኝ። ሞተሯ አሪፍ ነው። ግን የቪዲዮ መኪና ማለት የሰልፉ ፊት ማለት ነው፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ቢያንስ የሚያብረቀርቀው አሎይ ቸርኬ ያስፈልጋታል። ካልሆነ ሌላ እንከራያለን፣ እርስዎ ከኋላ ከእንግዶች ጋር ይመጣሉ።"

ከኋላ። ከእንግዶች ጋር።

ፈገግ ብዬ ሸኘሁት። በሩን ስዘጋው ግን ጎረቤት ሰምቷል።

ንዴቴ ሲበርድ እንዳልረሳው ልጻፈው። ይቺ ፒክአፕ የአባባ ናት። እሱ ካረፈ ጀምሮ ችግኝ እየጫነች ያበላችን እሷ ናት። ሰላምን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት ያደረስኳት በእሷ ነው። አንድ ቀን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ "ሳገባ ከፊቴ አንቺ ትነጂያለሽ" አለችኝ። ያኔ የወለቀው የፊት ጥርሷ እንኳ ገና አልበቀለም ነበር። እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት። እሁድ ካሜራ ያዦቹ ከኋላ ጭነት ቦታው ላይ ይቆማሉ፣ ከኋላችን የሚመጣውን የሙሽሮች መኪና ይቀርጻሉ፣ እኔ እነዳለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልጠየቅኩም።

እናት የለን፣ አባት የለን። ከሙሽሪት ወገን ከፊት የሚሄድ ሰው እኔ ነኝ። መኪናዬን ወደ ኋላ ካሏት እኔንም ወደ ኋላ አሉኝ ማለት ነው።

ለሰላም አልነገርኳትም። ሙሽራ በሰርጓ ሳምንት ስለ ቸርኬ አይነገራትም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ጠዋት ሙደሲር ጋ ሄድኩ። ሙደሲር እዚሁ ወሰን ጎማ የሚጠግን፣ የስልጤ ልጅ ነው። ከተዋወቅን ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው።

"ብረት ይሻላል አሎይ?" አልኩት።

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"አንቺ እኮ አፈር ነው የምትጭኚው። ብረት ይታጠፋል፣ አሎይ ይሰበራል። ብረት ከታጠፈ እኔ አለሁ። አሎይ ከተሰበረ አላህ አለ።"

"ለሰርግስ?"

አሰበና ሳቀብኝ። "ለሰርግማ አሎይ ነው።" ከሃዲ።

እቤት ገብቼ በዳኛ ወንበር ተቀመጥኩ። በሐቅ እንፍረድ፦

ብረት። ከባድ ነው። ይዝጋል። መልክ የለውም። ጉድጓድ ሲመታ ይታጠፋል፣ በመዶሻ ይመለሳል። የትም ሰፈር ይገኛል፣ ማንም ይጠግነዋል። ሲጫን አይደነግጥም።

አሎይ። ያምራል። ቀላል ነው፣ መሪ ያለሰልሳል ይባላል። አየር ስለሚያስገባ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቶሎ ይቀዘቅዛል ይላሉ። ጉድጓድ ሲመታ ግን ሳይናገር ይሰነጠቃል፤ ብየዳውንም የሚያምን የለም። ያምራል።

"ያምራል" ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። አንዱን መሰረዝ ነበረብኝ። ይቅር፣ እውነት ነው።

ከሰዓት የሚሸጥ አሎይ ሳይ ዋልኩ። ለእኔዋ የሚሆነው ጠፋ፤ የተገኘውን ደግሞ ሻጩ ራሱ ዓይን ዓይኔን እያየ "ለሰርጉ ይደርስሻል" አለኝ። ለሰርጉ ብቻ ማለቱ ነው። ጥዬው መጣሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ናቲ ደወለ። ለካ የራሱ ፒክአፕ ከእኔዋ ጋር አንድ ሞዴል ናት፤ ልዩነቱ የእሱ ከኋላ ሽፋን አላት፣ ካሜራ ያዥ አይቆምባትም። ቸርኬዋ ግን አሎይ።

"እትዬ፣ አንድ አይዲያ አለኝ። እስከ እሁድ እንቀያየር። የእኔን ቸርኬ ያድርጉ፣ እኔ የእርስዎን አደርጋለሁ።"

ልቤ ሁለት ሆነ። አንዱ ልቤ "የሰው ጫማ ተውሰሽ ሰርግ ልትሄጂ ነው?" አለኝ። ሌላው "ከፊት ትሄጃለሽ" አለኝ። ሁለተኛው አሸነፈ።

አመሻሽ ላይ ግቢዬ ውስጥ ሁለቱን መኪና ጎን ለጎን አቆምን። "ሙደሲር ጋ እንውሰዳቸው" ቢለኝ "ለጎማ መፍታት ሰው አልጠራም" አልኩት። ያደግኩበት ሥራ ነው። ክሪኩን አስገባሁ፣ እሱም የራሱን። እውነቱን ለመናገር ናቲ ሰነፍ አይደለም፤ ነጭ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባበት።

ዳዶዎቹን፣ ጎማውን የሚያስሩትን፣ እንዳይቀላቀሉ በጣም ተጠነቀቅን። የእኔን በድልህ ቆርቆሮ፣ የእሱን በፌስታል። "የሰው ዳዶ ከሰው እንዳይሄድ" አልኩ፣ እሱም "ትክክል" አለ። ሁለታችንም ዳዶ ዳዶአችንን መልሰን በየመኪናችን አሰርን። ስንጨርስ ዝናቡ ወረደ፤ በሩጫ ነው የጨረስነው።

ፒክአፔን በረንዳ ላይ ሆኜ አየኋት። አፈር የለመደች ሴት ድንገት የጆሮ ጌጥ አድርጋ መጣች። አሳቀችኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ይሄን ማንም አያነበውም ብዬ ነው የምጽፈው፦ አሎይ ጥሩ ነው።

እንጦጦ ማርያም አካባቢ ላለ ደንበኛ የጽድና የወይራ ችግኝ አደረስኩ። ዳገቱን እንደ ድሮው አልታገለችኝም። መሪዋ በሁለት ጣት ይዞራል። ስወርድ ፍሬኑ አልሸተተኝም። ታች ስደርስ ሁለት ወጣቶች መንገድ ዳር ቆመው ቸርኬዋን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ተመልሰው ቸርኬዋን አዩ። መስታወቱን ዝቅ አድርጌ ክርኔን አወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ሙደሲር በር ላይ ስቀንስ "ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ክላክስ አደረግኩለትና አለፍኩ።

ሰላም ማታ መጣች። ቸርኬውን አይታ "የናቲን አደረግሽ? ለምን?" አለች። "ለጌጥ ነው" አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ይቺ ልጅ ስዋሽ ታውቃለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

በተራ ልጻፈው።

ጠዋት ለዚያው ደንበኛ የቀረውን ችግኝና ብዙ አፈር ጭኜ ወጣሁ። አራግፌ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከፊት ግራ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስፈጥን ይጠፋል፣ ስዘገይ ይመለሳል። ጠጠር መሰለኝ። ከዚያ መሪዋ በእጄ ላይ መወዛወዝ ጀመረ።

ባሕር ዛፎቹ ሥር ዳር ያዝኩና ወረድኩ። የመጀመሪያውን ዳዶ ስነካው በጣቴ ዞረ። ያለ መፍቻ። ሁለተኛውም ዞረ።

መፍቻውን ከወንበር ሥር አወጣሁ።

አንዱን ፈትቼ አየሁት። የእኔ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፤ የብረት ቸርኬ ቀዳዳም እንደዚያው ስለሆነ ገብቶ ይነክሰዋል። የአሎዩ ቀዳዳ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ የራሱ ዳዶ ረዥም አንገትና ሰፊ ቆብ አለው። ያ ሁሉ በድልህ ቆርቆሮ መጠንቀቅ! መቀያየር የነበረብን ቸርኬውን ከነዳዶው ነበር። እኛ ግን በጨዋነት የየራሳችንን ያዝን። የእኔ ዳዶ የናቲን ቸርኬ በጫፉ ብቻ ነክሶት ነው ሁለት ቀን የዞርኩት።

ወዲያው ሌላው መጣልኝ። የእሱ ረዥም አንገት ዳዶ በእኔ ብረት ላይ ምን እያሰረ ነው? ምንም። አንገቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ብረቱን ሳይጨብጥ ይቆማል።

በዚያች መኪና ደግሞ፣ ሰላም ማታ እንደነገረችኝ፣ ዛሬ እሷና ናቲ እንጦጦ ፓርክ ፎቶ የሚነሱበትን ቦታ ሊመርጡ እየመጡ ነው።

ናቲ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ሰላም ጋ ደወልኩ።

"አስኩ! ዳገቱን ጀምረናል። መኪናው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ናቲ የብረት ቸርኬ ጠባዩ ነው ይላል።"

"አቁሙ!"

"ምን?"

"አሁኑኑ! ዳር ያዙና ውረዱ! ሰላም፣ ውረጂ ነው የምልሽ!"

ናቲ ከጎኗ "ምን ሆነች?" ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። በር ተከፈተ። ኮቴ ይሰማኛል፣ መኪናውን ሲዞሩ።

"አስኩ" አለች ቀስ ብላ። "አንዱ ዳዶ የለም። ሌላውም ሊወድቅ ነው።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "ተመስገን" አልኩ፣ "ተመስገን" አልኩ።

ዳዶዎቼን ባለኝ አቅም አጥብቄ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ወረድኩ፤ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ቆሜ እንደገና አጠብቃለሁ። ሩቅ አልነበሩም። መንገድ ዳር፣ በካፊያ፣ ስምንቱንም ጎማ ፈታን። ሰላም ለሙከራ የተሠራ ጸጉሯን በፌስታል ሸፍና የሻርፗን ሁለት ጫፍ ዘርግታ ቆመች፤ በቀኝ የእኔ ዳዶ፣ በግራ የእሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኛ ነው የተባለው። ብረቴ ወደ ቤቱ ገባ፣ አሎዩም ወደ ቤቱ። የናቲ አንዱ ጎማ በአንድ ዳዶ ጎደሎ ቢሆንም በደህና ወረደ።

ናቲ ፊቱ አመድ መስሎ "በእኔ ምክንያት" ሲል "በሁለታችን" አልኩት። በጣም ነው ያሳዘነኝ። ግን ልማድ ክፉ ነው፤ እጁን እየጠረገ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንግዲህ ለእሁድ የኪራይ መኪና ልደውል። እትዬ ከኋላ ከእንግዶች ጋር..."

"ማን ነው ከእንግዶች ጋር?" አለች ሰላም።

ናቲ ክሪኩን ማንሳት ጀመረ።

"አስኩ፣ ማን ነው?"

ነገርኳት። ሻርፗን ሰብስባ፣ ፌስታሉን ከጸጉሯ አወለቀች። በካፊያው።

"ናቲ፣ ከፊቴ እህቴ ካልነዳች እኔ ከቤት አልወጣም። በአህያ ጋሪም ብትመጣ።"

"እሺ" አለ ናቲ።

አሁን ነው ዘግይቼ ያለቀስኩት። በደስታም በድንጋጤም ነው፤ አልለየሁትም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ናቲ በጠዋት መጣ። ማንም አልጠራውም። አሮጌ ቱታ ለብሶ፣ እንቁላል ሳንዱች በፌስታል ይዞ። ትናንት ዓርብ ነበር፣ ሃምሳው ስላላለቀ ጾም የለም፣ ግን ማናችንም እህል አልቀመስንም ነበር። እኔ፣ እሱና ሙደሲር ጎማ ላይ ተቀምጠን በላን።

ሙደሲር የገባውን ጠርዝ በመዶሻ መልሶ አወጣው። ሰባት ጊዜ መታው ልል ነበር፤ አልቆጠርኩም፣ ግን በየምቱ ናቲን ያየው ነበር። "አየህ? ብረት ይቅር ይላል" አለው። በትናንቱ ጉዳይ ስላልሰደበን ተገረምኩ። ከዚያ ሰደበን።

ዝገቱን ፈግፍገን አነሳን። ናቲ "ብርማ ስፕሬይ እንቀባው፣ አሎይ ይመስላል" አለ።

"ብረት ብረት ይምሰል" አልኩ። "ጥቁር።"

የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀባናቸው፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር። መስመሩን የሳለው ናቲ ነው፤ ምላሱን አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ። ሲጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየና "አንቺ፣ ይሄ እኮ ከእኔው ያምራል" አለኝ።

አንቺ አለኝ። አልተቀየምኩም።

ዳዶዎቹን እኔ አጠበቅኩ። ሙደሲር አጠበቀ። ማታ ወጥቼ ደግሜ አጠበቅኩ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 26

ሄድኩ! ከፊት ሄድኩ!

እግሬ አብጧል፣ ድምፄ ዘግቷል፣ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

ከወሰን ስንነሳ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ሦስት ካሜራ ያዦች ከኋላዬ ቆሙ፤ አንዱ የጣሪያዬን ብረት ይዞ "ቀስ፣ እናት፣ ቀስ" ይለኛል። ከኋላችን ሙሽሮቹ በነጭ ሊሞዚን፣ ከዚያ ሚዜዎቹ፣ ከዚያ ዓለም ሁሉ። ሙደሲር ሱቁን ዘግቶ በር ላይ ቆሟል፤ ቸርኬውን በጣቱ እያመለከተ ለመንገደኛ ሁሉ ያስረዳል።

እንጦጦ ፓርክ ፎቶው አለቀና ስንወርድ ሌሊቱን የዘነበው ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። የፊት ግራዬ "ጓ!" አለ። ከኋላ "ኧረ!" አሉ። ጥርሴን ነክሼ መሪውን ያዝኩ። አልጎተተችኝም። አልተነፈሰችም። ዝም ብላ ወጣች፣ እኔም ዝም ብዬ ነዳሁ። አዳራሹ ጋ ወርጄ ሳይ ያው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሏል፣ ነጩ መስመር ተፍቋል፣ ነፋሱ ግን ሙሉ ነው። እላይዋ ላይ ሰው ቆሞ፣ ከኋላዋ እህቴ እየተከተለች፣ ያ ሳይናገር የሚሰነጠቀው አሎይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ላስብ ጀመርኩና ተውኩት።

ለፍርዱ ያህል፦ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኔ ሸትቷል። በዚያ አሎይ ይበልጣል። ናቲ በአስፋልቱ አሎዩን ያድርግ፣ ያምርበታል። እኔ በብረቴ እኖራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቆጨኝ። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ ጉድጓድ ላይ ነበር፤ አንድም ጊዜ በመስታወት ዞር ብዬ ሙሽራዬን አላየኋትም።

አዳራሽ ስንገባ ሚዜዎቹ ክብ ሠሩ። ናቲ መሃል ገባና ክራቫቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ዘፈን አወጣ፦

ያብረቀረቀው ቀረ ከቤቱ፣
ብረቱ መጣ ከነጉልበቱ!

አዳራሹ ተቀበለው። የዳዊት እናት እያጨበጨቡ። እኔን ጎትተው መሃል አስገቡኝ። ጨፈርኩ፤ ትከሻዬ እስኪወልቅ ጨፈርኩ። አባባ ቢኖር ጥግ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ሰላም ዛሬ ከቪዲዮው ትንሽ ቆርጣ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ከእንጦጦ ስንወርድ ያለውን። ሙደሲር ሱቅ ቁጭ ብለን በእኔ ስልክ አየነው። እሱ ቸርኬውን እየጠበቀ፣ እኔም ቸርኬውን እየጠበቅኩ።

አየን። ሊሞዚኑ አለ፤ ሙሽሮቹ በጣሪያው ብቅ ብለው ቆመዋል። አበባው አለ። ባሕር ዛፉ አለ። የሚዜዎቹ መኪና፣ ጭጋጉ፣ መንገድ ዳር የሚያጨበጭቡት ልጆች። እስከ መጨረሻው አየን።

"መኪናሽ የት አለች?" አለ ሙደሲር።

ወደ መጀመሪያው መልሼ እንደገና አየሁት። ከዚያ ገባኝ። ካሜራው እሷ ላይ ነዋ! ካሜራ የተሸከመች መኪና በምን ተአምር ቪዲዮ ውስጥ ትገባለች? ሳምንቱን ሙሉ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያ ሁሉ መፍታትና ማሰር! ናቲ ጋ ደወልኩና ነገርኩት። "ኦ ማይ ጋድ" አለ። ሁለታችንም ሳቅ ገደለን። ሙደሲር መዶሻውን ጥሎ ሳቀ።

እቤት ገብቼ ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ሦስቴ። እንግዶቹ ሁሉ ካሜራውን ያያሉ፣ ዳዊትም ካሜራውን ያያል፤ ሰላም ግን አታየውም። ከካሜራው ዝቅ ብላ፣ ወደ ጎን፣ የእኔ መስታወት ወዳለበት ነው የምታየው። ጉድጓዱ ውስጥ ስገባ ቪዲዮው ይናጋል፣ እሷ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ስወጣ ትስቃለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትስቅ እንደነበረው።

እኔ መንገዱን ሳይ፣ እሷ እኔን ታይ ነበር።